ከገጽ 212 በኋላ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1988

ከተመረቅኩ ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኔ። ሥራ የለም፣ ዝናብ አለ። ሐምሌ ከገባ ጎፋ ላይ ፀሐይ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

አባዬ "ዲግሪሽን እስቲ አምጪው" አለኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ዓይኑን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ ማየት የፈለገውን ሁሉ በጣቱ ነው የሚያየው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ ሰው የጻፈውን ስሕተት ሲያድን ኖሮ ዓይኑን እዚያው ትቶት መጣ። አሁን ጣቱ በዓይኑ ፈንታ ያነባል። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገና፣

"ጥሩ ወረቀት ነው። አልሰሰቱብሽም" አለ። ቀጥሎ ማኅተሙን ፈልጎ አገኘው። "ጠበቅ አድርጎ ነው የመታው። ያመነበት ሰው ነው።"

የዓይኑ ቀጠሮ ጥቅምት 12 ነው። ሐኪሟ "ሞራው ትንሽ ይብሰል፤ ከዚያ እንገፍፈዋለን" ብላለች። እንደ ሙዝ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። እስከ ጥቅምት ዓይኑ እኔ ነኝ። መንገድ እመራዋለሁ፣ ጋዜጣ አነብለታለሁ፣ ካልሲውን አጣምራለሁ። ከዲግሪዬ እስካሁን ጥቅም ላይ የዋለው ካልሲ ማጣመሩ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6

ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ ያከራያል።

"አዲስ የፍቅር መጽሐፍ መጥቷል፤ ሰው እየተጋፋበት ነው" አለኝ።

"ፍቅር ይቅርብኝ። የሚያስቅ ነገር ስጠኝ።"

"ለተመረቀ ሰው የሚያስቅ ነገር የት አባቴ አገኛለሁ" እያለ ከካርቶን ሥር አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጎትቶ አወጣ። ሽፋን የለው፣ ርዕስ የለው፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅ። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለብዶታል። "ይሄን ሁለት ዓመት የነካው የለም። ዘንዶ አለበት መሰለኝ። እስከፈለግሽ ድረስ ያዢው፤ ማንም አይጠይቀኝም።"

ሰኞ፣ ሐምሌ 8

ብቻዬን ስስቅ አባዬ ሰማኝ።

"ምንድን ነው?"

"ምንም። መጽሐፍ ነው።"

"መጽሐፍ ምን ብሎሽ ነው እንዲህ የሚያስቅሽ?"

እንዴት ልንገረው? አባዬ ተረት አይወድም። ማተሚያ ቤት እያለ "ያልሆነ ነገር ሲጽፉ እንኳ ፊደል አይጠነቅቁም" እያለ ነበር የሚማረረው። አንድ ገጽ ብቻ ብዬ እዚያው እየተረጎምኩ ጀመርኩለት። ከተማ ነው። የከተማው ወንዝ ረቡዕና ዓርብ ወደ ላይ ነው የሚፈሰው። (መጽሐፉ ረቡዕ ብቻ ነው የሚለው፤ ዓርብን እኔ ጨመርኩ። ለአባዬ የጾም ቀን ጎዶሎ እንዳይሆንበት።) ወደዚያ ከተማ አንድ አሮጌ ዘንዶ ይመጣል። ተራራው ላይ ክረምት በዝቶ እሳቱ ስለረጠበበት እንደ ሰው ተመዝግቦ፣ እንደ ሰው ተከራይቶ መኖር ይፈልጋል።

"ስሙ ማን ነው?"

ነገርኩት። ስድስት ተነባቢ በተርታ ያለበት ስም ነው።

"ይሄ ለአፍ አይመችም። ጌቱ በይው።"

ዘንዶ ጌቱ። አንድ ገጽ ያልኩት አሥራ አንድ ሆነ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ጌቱ መታወቂያ ለማውጣት ሄደ። አንድ ጠንቋይ ጸሐፊ ከወረቀት ክምር ሥር ሆኖ፣ "ከተወለድክ ጀምሮ የሚያውቁህ ሦስት ምስክር አምጣ" ይለዋል። ጌቱ ዘጠኝ መቶ ዓመቱ ነው። አንገቱን ደፋና "የሚያውቁኝን ሁሉ በልቻቸዋለሁ" አለ። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል፣ "እንግዲያው የመብላትህን ማስረጃ አያይዝ።"

አባዬ ሲስቅ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻው ነው፤ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ዛሬ ሁለቱም መጡ። ይሄን ሳቅ ከእናቴ በኋላ አልሰማሁትም ነበር። ልጽፈው ፈለግኩ፤ ግን እንዴት ይጻፋል።

መስኮቱ ሥር የያኤል እናት ቆማ ኖሮ ጭንቅላቷን አስገባች። ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን ነን፤ ከሆሳዕና ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጠንካራ የወንጌል አማኝ ናት።

"ፅጌ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጠንቋይ ያልሽው ነገር ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ጠንቋይ አይነበብም እኮ።"

"ውሸት ነው እትዬ፣ መጽሐፍ ነው።"

"ውሸትም ጠንቋይም አንድ ላይ? አቶ ደምሰው፣ እርሶ እያሉ?"

አባዬ አሰበበት። "እና ምን እናርገው? ሥራ እንቀይርለት?"

"ይቀየር።"

"መዝገብ ቤት ኃላፊ ይሁን።"

ተስማማች። ከዚህ በኋላ ጠንቋዩ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። የገረመኝ፣ ታሪኩ ከበፊቱ በጣም የተሻለ ሄደ። በቆቡ ውስጥ እጁን ሲከት የሌላ ሰው ፋይል የሚያወጣ መዝገብ ቤት ኃላፊ የማያውቅ ማን አለ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ቸኩያለሁ። ውኃ መጥቷል፤ እስኪሄድ በርሜል ልሙላ። የያኤል እናት ለአባዬ የማነብበት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን "ልብስ ልሰብስብ" እያለች መስኮታችን ሥር ትመጣለች። በዚህ ዝናብ ማን ነው ልብስ ያሰጣው?

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

ቀበሌ ዋልኩ። ለሥራ ማመልከቻ የነዋሪነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጸሐፊው አየኝና፣

"የሚያውቁሽ ምስክሮች አሉ?" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። እጄን አፌ ላይ ባደርግም አፍንጫዬ አሳበቀብኝ።

"ምን ያስቅሻል እህቴ?"

ምን ልበለው? የሚያውቁኝን አልበላኋቸውም ልበለው? ይቅርታ ጠየቅኩ። ደብዳቤው ተጽፎ አለቀ፤ ማኅተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ቀብር ሄዷል። ቁልፉ ብቻውን አልሄደም፤ የያዘው ሰውዬ ነው የሄደው፤ ጸሐፊው ግን እንደዚያ ነው ያለኝ፦ "ቁልፉ ቀብር ሄዷል።" ሦስት ሰዓት ጠበቅኩት።

ድሮ ቢሆን ተቃጥዬ ነበር የምመለሰው። ዛሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰዎቹን አየሁ። አንዲት ሴትዮ ጎናቸው ላለው ለማያውቁት ሰው ምሳቸውን ሲያካፍሉ፣ አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ፎቶ እያዩ "ይሄ እኔን አይመስልም፤ ልጄን ነው የሚመስለው" ሲሉ። እውነት እላለሁ፣ ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ዘንዶው ብቻ ነው የጎደለው። ማታውን ለአባዬ ሳነብ የቀብር ቁልፉን ጨመርኩት። ከመጽሐፉ ለየው አልለየው እንጃ። "ይሄ ደራሲ አገራችንን ያውቃታል" አለ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 25

ከተካ ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳ ስናነብ ዋልን። ተካ ከኔ ጋር የተመረቀ የመካኒሳ ልጅ ነው፤ ከሱ ጋር ስሄድ ጫማዬ ውስጥ የገባው ውኃ ትዝ አይለኝም። ሁሉም ማስታወቂያ "ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል።

"ልምድ የሚሸጥበት ካለ ሰልፍ ያዢልኝ" አለ።

ለክፍለ ሀገር መምህርነትም አመለከትን፤ ለስምንት ቦታ። አድራሻ የአባዬን ማተሚያ ቤት ፖስታ ሳጥን ሰጠሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ደብዳቤያችን የሚመጣው በዚያ ነው።

"ሩቅ ቢደርስሽ ትሄጃለሽ?" አለኝ።

"በሩጫ" አልኩት። እውነቴን ነው። የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ሻንጣና ፍራሽ ጭኖ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር እግሬን ይበላኛል። ይሄን ስጽፍ አባዬ ከጎን ሆኖ በሬዲዮው ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል። አንድ እግሩ ላይ ጥቁር፣ አንድ እግሩ ላይ ሰማያዊ ካልሲ። የኔ ጥፋት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2

ጋሽ ገሠሠ ከቅዳሴ መልስ መጡ። የአባዬ የሥራ ባልደረባ ናቸው፤ አርባ ዓመት ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል እየለቀሙ ሲደረድሩ የኖሩ፣ ዛሬም እዚያው ያሉ። ፖስታ ሳጥኑን የሚከፍቱልን እሳቸው ናቸው። አንድ ፖስታ ለአባዬ እጅ ሰጡት። አባዬ መዘነው፣ ጠርዙን ዳሰሰው፣ ከዚያ ለኔ አቀበለኝ።

"አንብቢዋ።"

ጋሽ ገሠሠ ፊት ለፊቴ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ቦንጋ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የእንግሊዝኛ መምህርት። እስከ መስከረም 5 ሪፖርት እንዳደርግ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ይዤ የምቀርበው ማስረጃ ዝርዝርና ግልባጭ።

"አልተሳካም" አልኩ። "ቦታው ተይዟል ነው የሚሉት።"

ድምፄ ራሱ ነው የመለሰው፤ እኔ ገና ሳስብ ነበር።

"እንዲያው ረጅም ነው እንዴ?" አለ አባዬ።

"አይ፣ አጭር ነው።"

"እሺ። ሌላ ይመጣል።"

ጋሽ ገሠሠ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ስኳር ሳላበዛባቸው አልቀረሁም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3

ውሸት አይደለም። ማዘግየት ነው። ጥቅምት 12 ማን ይወስደዋል? ጠብታውን ማን ያደርግለታል? ሽንት ቤት ማን ይመራዋል፣ ጭቃው ላይ ቢወድቅስ? ከጥቅምት በኋላ ሌላ ሥራ ይገኛል። ይገኛል። ደብዳቤውን ካልሲ ሳጥኑ ሥር አድርጌዋለሁ።

ቦንጋ ደን አለ ይላሉ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ጉድ ነው። ጌቱ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ባለ ዳቦ ቤት ምድጃዋን እንዲያሞቅላት ቀጥራዋለች። ማገዶ መግዛት ቀረላት፤ እሳቱም ደረቀለት። ጠዋት ጠዋት እያወሩ ዳቦ ይጋግራሉ። አባዬ ይሄን ክፍል በጣም ወዶታል፤ ባለ ዳቦ ቤቷ ስትናገር ትንሽ ቀና ይላል። ዛሬ ገጽ 212 መጨረሻ ላይ "ዘንዶው አፉን ከፈተና" ይልና አለቀ። ገለጥኩት፤ ምንም የለም። ቀሪው ተቀዶ ሄዷል። ምን ያህል እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

"ከፈተና?" አለ አባዬ።

"ከፈተና... አስነጠሰው።"

ሳቀ። እኔም ቀጠልኩ። የተለበደበትን የመጨረሻ ባዶ ወረቀት እያየሁ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አነበብኩለት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ሸምሱን ጠየቅኩት። "መጨረሻውማ ኖሮት አያውቅም" አለኝ። "ለዚህ እኮ ነው ማንም የማይወስደው። አልነገርኩሽም እንዴ?"

አልነገረኝም። አሁን በየቀኑ ጠዋት ድስት እያጠብኩ ለዘጠኝ ሰዓት አስባለሁ። አንድ በር ፈጠርኩ፤ እንደ ሰው ሰላምታ ካልሰጧት የማትከፈት። ደህና አደርሽ ብቻ አይበቃትም። መቃንሽ እንዴት ነው፣ ማጠፊያሽ ተሻለው፣ ቁልፍሽ ተመለሰ ወይ እስኪባል ድረስ አትከፍትም። መዝገብ ቤት ኃላፊው እሳት ተነሥቶበት ሊወጣ እየሮጠ መጥቶ ስለ ማጠፊያዋ ጤና ይጠይቃል።

"ይቺ በር የመካኒሳዋ አክስትሽ ናት" አለ አባዬ።

ናት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ዛሬ ለጌቱ ደብዳቤ እንዲመጣለት አደረግኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ታሪኩ ትንሽ ስለቀዘቀዘ ይሆናል። ከተራራው ነው የተጻፈለት። አዲስ ዓመት ሲብት ተመልሶ ካልወጣ ክንፉ ይደርቃል። ጌቱ ደብዳቤውን አነበበና ከምድጃው ጀርባ ሸጎጠው፤ ለባለ ዳቦ ቤቷ "የዱቄት ማስታወቂያ ነው" አላት።

አባዬ አንገቱን ወደኔ አዞረ።

"እሷ አመነችው?"

"አዎ፣ አመነችው።"

"እ" አለ። "እስቲ እናያለን።"

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ከሥራ ማፈላለግ ስመለስ ዳባ ግቢያችን ውስጥ ምስማር ይመታል። የጀርባ ጎረቤታችን ነው፣ አናጢ። ከበራችን እስከ ሽንት ቤቱ፣ ከዚያ ወደ የያኤል እናት በር ገመድ ወጥሯል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የልብስ ማስጫ። አባትሽ ናቸው ያዘዙኝ።"

"ዳባ፣ ወገቤ ጋ እኮ ነው። አንሶላ ባሰጣበት ጭቃውን ነው የሚጠርገው።"

"እንደነገሩኝ ነው የሠራሁት" አለና ምስማሩን አፉ ውስጥ መለሰው።

አባዬን ጠየቅኩት፤ "አጫጭር ልብስ አጥቢ" አለኝ። ሥራ መፍታት ሰውን ግትር ያደርጋል። እኔንም ጭምር።

እሑድ፣ ነሐሴ 19

ከገበያ ስመጣ አባዬ ብቻውን ሻይ አፍልቷል። ፈልቷልም። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ፣ ሌባ ጣቱ ላይ ደግሞ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ቃጠሎ። ተቆጣሁ። ምን ሆነህ ነው የማትጠብቀኝ፣ ለምን አትጠራኝም፣ ጣትህ እኮ ነው ያለህ፣ አልኩት። ይሄን የመጨረሻውን ባልለው ጥሩ ነበር።

"ስኳሩ ልክ ነው?" አለኝ።

ልክ ነበር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 23

ከተካ ጋር ተጣላን። ጂማ ደርሶታል። ለሱ ብቻ ነው እውነቱን የነገርኩት።

"እስከ ጂማ አብረን እንሄዳለን፤ መስከረም 2 ትኬት ልቁረጥ?" አለ።

"አባቴን ማን ይዞልኝ?"

"ጠየቅሽው?"

"ምኑን ነው የምጠይቀው? ሂጂ ነው የሚለኝ።"

"እና?"

"እናማ፣ ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ።"

ተካ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ከዚያ፣ "አንቺ ልጅ፣ ለሱ ነው የፈራሽው ወይስ ለራስሽ?" አለኝ። ይሄ ጥያቄ አይደለም፤ ስድብ ነው። ታክሲ ሳልጠብቅ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ በእግሬ መጣሁ፤ ጃንጥላዬን ሳልከፍት። ቤት ስደርስ ነው ክፍት እንዳልሆነ ያወቅኩት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 28

ንባቡን ስጨርስ አባዬ "እስቲ መጽሐፉን" አለ። ሰጠሁት። በግራ እጁ ያለፍነውን ያዘ፣ በቀኝ እጁ የቀረውን ፈለገ። ጣቶቹ ሽፋኑ ላይ ቆዩ።

"ብዙ ይቀረናል?"

"ገና ነው። ብዙ አለ።"

"ደግ" አለና በሁለት እጁ ዘግቶ ደረቱ ላይ አስቀመጠው። እዚያው ተኛ። ቀስ ብዬ ላነሣው ስል አልለቀቀውም።

ዓርብ፣ ጳጉሜ 1

መጽሐፉ ጠፋ። አልጋ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ፣ ሬዲዮ ጀርባ፣ የለም። ሸምሱን ምን እለዋለሁ። አባዬን ልጠይቀው? ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፤ የያኤል እናት ልብስ የሌለበት ገመድ አጠገብ ቆማለች። ምን ላድርግ፣ የዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መጽሐፌን ከፈትኩና ስለ ናይል ተፋሰስ በሚያወራ ምዕራፍ ላይ ጌቱን አነበብኩ።

ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ዱብ አለ።

"ዛሬ መጽሐፉ ወፍሯል" አለ አባዬ።

"ዝናቡ ነው። ረጥቦ ነው።"

"ይሆናል።"

ጌቱ እስካሁን አልነገራትም። ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው። ምን እንደያዘው አላውቅም።

እሑድ፣ ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ዝናቡ መጣ፤ ያ የጳጉሜው ደግ ዝናብ። ሰው ሁሉ እየወጣ ይጠመቅበታል። የያኤል እናት "ለኛ ዝናብ ዝናብ ነው" እያለች ግን ጎድጓዳ ሳህኗን ውጭ አወጣች። እኔ አባዬን ላወጣው ጃኬት ፍለጋ ገባሁ። ስመለስ ወንበሩ ላይ የለም።

ግቢው መሐል አየሁት። ገመዱን ይዟል። ግራ እጁ ገመዱ ላይ ይንሸራተታል፣ እግሩ ሳይደናገጥ ይከተላል። እጁ ዘርጋ ሳይልም ከፍ ሳይልም ልክ ወገቡ ጋ ነው። ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርስ ቋጠሮውን ዳሰሰ፣ ዞረ፣ የያኤል እናት በር ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ፣ መሐል ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ላይ አደረገው። ዝናቡ የተዘጉ ዓይኖቹ ላይ ይወርዳል።

ገመዱ ለካ የልብስ ማስጫ አልነበረም።

"አባዬ።"

"ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው" አለ፣ ሳይዞር። "ከዚያ እስከ የያኤል እናት ዘጠኝ። መጀመሪያ ላይ አሥራ አንድ ነበር፤ እርምጃዬ አድጓል።"

"ለምን ነው?"

"አንቺ ቦንጋ ስትሆኚ ማን ይመራኛል?"

ጃኬቱን እጄ ላይ እንደያዝኩ ዝናብ ውስጥ ገባሁ። ማን ነገረህ አልኩት።

"ላልተቀጠረ ሰው ሁለት ወረቀት አይልኩም። ፖስታውን ስይዘው አውቄዋለሁ። ገሠሠ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ተገልብጦ ነው ያነበበው፤ አንቺ ፊት ለፊቱ ዘርግተሽ ቁጭ አልሽ። በር ላይ ስሸኘው ነው የነገረኝ።"

"እና ለምን ዝም አልክ?"

"ጌቱ ምን እንደሚያደርግ ልይ ብዬ ነዋ። ከነሐሴ ስምንት ጀምሮ አንድ ገጽ አልተገለጠም፤ ታሪኩ ግን ይሄዳል። የማን ታሪክ እንደሆነ ለማወቅ አራሚ መሆን አያስፈልግም።"

ዋሸሁህ አልኩት። አዎ ዋሽተሽኛል አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ፊቴን ፈለገው፤ እንደ ዲግሪዬ አሸት አሸት አደረገው።

"ሲዋሹ እንዲህ የሚያምርላቸው ሰዎች ማተሚያ ቤት ሲመጡ ወረቀታቸውን ቀድሜ ነበር የማነሣው" አለ። "አይከብደኝም አልልሽም፣ ፅጌ። ይከብደኛል። ግን ጥቅምት ላይ ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው ለኔ ብላ የቀረች ልጅ ከሆነች፣ ጨለማው ይሻለኝ ነበር እላለሁ።"

አለቀስኩ። ዝናብ ስለነበር አይታወቅም ብዬ ነበር፤ አባዬም ቢሆን አያይም። ግን ጣቱ ጉንጬ ላይ ነበር።

ሁሉን አሰናድቶታል። ጥቅምት 12 ጋሽ ገሠሠ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀዋል። ጠብታውን የያኤል እናት ታደርጋለች። "ጸሎት ታክልበታለች፤ አልከለከልኳትም" አለኝ።

ገብተን ልብስ ስንቀይር፣ "ባለ ዳቦ ቤቷስ? እሷ ምን ትሆናለች?" አልኩት።

እርጥብ ካልሲውን አወለቀ። "ቀድማ አውቃለች በያት። ሳይነግራት ማገዶ ማንደድ ተለማምዳለች። ጣቷን ትንሽ ተቃጥላለች። ይድናል።"

ሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ተካ ጋ ሄድኩ። ሳልናገር "ቆርጬልሻለሁ" አለና ትኬቱን አሳየኝ። የተቆረጠው በተጣላን ማግስት ነው። ጃንጥላዬን ሰጠሁት።

ሸምሱ ጋም ገባሁ፤ መጽሐፉ ጠፍቶብኛል ልለው። "ምን ጠፋ? ባለፈው ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ይዘውት መጥተው፣ 'ይሄን መጽሐፍ ለአቶ ደምሰው ልጅ ተውላት' አሉኝ። መጨረሻ ለሌለው ነገር ምን እከራከራለሁ፣ ውሰዱት አልኳቸው" አለኝ።

ሽማግሌው ማን እንደሆኑ መገመት አያቅትም። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ረቡዕ፣ መስከረም 1 ቀን 1989

ፀሐይ። ጋሽ ገሠሠ ምሳ መጡ። ሻያቸውን ጨረሱ። ሻንጣዬን አባዬ ሸከፈልኝ፤ ካልሲዎቼን በዳሰሳ አጣምሮ፣ አንድም አልተሳሳተም።

ሐሙስ፣ መስከረም 2

ከጊቤ አልፈናል። መኪናው ስለሚያንገጫግጭ ፊደሌ ይዘላል፤ አባዬ ቢያየው ቀይ በቀይ ያደርገው ነበር። ተካ ጎኔ አንገቱ ተንጠልጥሎ ተኝቷል።

ጠዋት አባዬ እስከ ግቢው በር ሸኘኝ። ገመዱ በሩ ድረስ አይደርስም፤ የመጨረሻዋን ስድስት እርምጃ ያለ ገመድ ነው የመጣው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቴ ሥር ሸጎጠና "ሰበታን ሳታልፊ እንዳትከፍቺው" አለኝ። የያኤል እናት አቀፈችኝ፤ ጆሮዬ ሥር "እስቲ ያ መዝገብ ቤት ኃላፊ ምን እንደሆነ ጻፊልን" አለች።

ሰበታን እንዳለፍን ከፈትኩት። መጽሐፉ ነው። ሽፋን ወጥቶለታል፤ ማተሚያ ቤት ደብተር የሚሸፈንበት ያ ጠንካራ ሰማያዊ ካርቶን። ርዕስ የለውም። ገለጥኩት። ከገጽ 212 በኋላ ወረቀት ተሰፍቶበታል፤ ልክ በመጽሐፉ ቁመት የተቆረጠ፣ ነጭ፣ ወፈር ያለ ወረቀት። ክሩን ጋሽ ገሠሠ እንደሰፉት ያስታውቃል። ወረቀቱን የመረጠው ግን ማን እንደሆነ በጣቴ ሳሸው ገባኝ። አልሰሰተብኝም።

መጀመሪያው ነጭ ገጽ ላይ በጋሽ ገሠሠ ጽሑፍ፣ በአባዬ አፍ እንዲህ ይላል፦ "ስትጨርሺ ምዕራፍ ምዕራፉን ገልብጠሽ በፖስታ ሳጥናችን ላኪ። እስከ ጥቅምት ገሠሠ ያነብልኛል፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ ግን አይቆምም። ከጥቅምት በኋላ የማርመው ራሴ ነኝ። ተጠንቀቂ።"

እርሳሴን አወጣሁ። መኪናው ዳገት ይዞ ቀስ ብሏል፤ ለመጻፍ ይመቻል። በስተግራ ያለው አሮጌ ገጽ "ዘንዶው አፉን ከፈተና" ብሎ እንደቆመ ነው። በስተቀኝ ካለው ነጭ ገጽ ራስጌ 213 ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም፦

"መሄዴ ነው" አላት።